ካናቢስ በቤት ውስጥ፦ ጋዙ፣ ሙቀቱና ሕጉ

በሚኒሶታ ከኦገስት 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው በቤቱ ካናቢስ ማብቀል ይችላል፤ በአንድ ቤት እስከ 8 ተክል፣ ያበቡት ከ4 ሳይበልጡ።

የውጭ አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 ያህሉ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። አብቃዮች ከ1,000 እስከ 1,500 ያደርሱትና ሙቀቱንም ወደ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ያደርጋሉ። መብራቱ ደካማ ከሆነ ግን ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

እኛን የሚያሳስበን የሰው ጤና ነው። በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብርድ ተዘግቶ በሚከርም ቤዝመንት ውስጥ ይህ ጋዝ አይታይ፣ አይሸት! ለ8 ሰዓት ሥራ የፌዴራሉ ጣሪያ 5,000 ነው፤ በጣም ከበዛ ይገድላል። መለኪያና የማስጠንቀቂያ ደወል ሳይኖራችሁ አትሞክሩት።

ዜግነት ያላገኛችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ በፌዴራል ሕግ ማብቀል አሁንም ወንጀል ስለሆነ የዜግነት ማመልከቻችሁን ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል።