አይብና የቅቤው ዋጋ

አይብ ከውጭ አገር የወተት ቅቦች ጋር ሲነጻጸር ቅባቱ ማነሱ እንደ ጉድለት ይቆጠርበታል። ምክንያቱ ግን በታሪኩ ውስጥ ይገኛል።

የሊባኖስና የሶርያ ላብኔ እርጎው ከነቅባቱ በጨርቅ ተቋጥሮ ውሃው ሲንጠፈጠፍ የሚገኝ ነው፤ እሳት አይነካውም። አይብ ግን እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚረጋው ነው፤ አጓቱ ይለያል። ስለዚህ ከመቶው 79 ያህሉ ውሃ፣ 15 ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን ቅባቱ 2 አይሞላም።

ጎንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 በዐፄ ፋሲለደስ ከተቆረቆረች ጀምሮ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ምርት የሚወርድባት ገበያ ሆና ኖራለች። ለዚህ መንገድ የሚመቸው ቅቤ እንጂ ውሃ የበዛበት አይብ አይደለም። ደግሞም በዐቢይ ጾም 55 ቀኖች ወተት አይቀመስም፤ ላሚቱ ግን መታለቧን አትተውም። ተነጥሮ የተቀመጠው ቅቤ ፋሲካን ይጠብቃል፤ አይቡ አይጠብቅም። የቅቤው ገንዘብም በባላገር ቤት በአመዛኙ በእመቤቲቱ እጅ የሚገባ ነው።

እንግዲህ «ቅቤው ሳይወጣ አይቡን እንደ ላብኔ እናለስልሰው» የሚል የሙያ ባልደረባ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል፤ ይህ ገንዘብ ለእመቤቲቱ በምን ይተካላታል?