12 ሳንቲሜትር ታንክ፣ 50 ሜትር ዳገት

ስለ 1928ቱ ወረራ ስንከራከር ሁለት የተዘጋጀ መልስ አለን። አንዱ «ጀግኖች ነበርን፣ ታንክና አውሮፕላን ግን አልነበረንም» ይላል። ሌላው «ባንዳ ባይኖር ኖሮ አንሸነፍም ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ጥያቄውን ቶሎ ይዘጉታል። ታንኩ ስንት ቶን ነበር? በየት በኩል መጣ? ነዳጁንስ ማን ተሸከመለት? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይሰለቹ የሚጠይቁ ሰዎች ግን አሉ፤ ሞዴል ሠሪዎች። በየአገሩ የጦር መኪናን በ35 እጥፍ አሳንሰው የሚሠሩ፣ ስለ አንዲት ሪቬት ቦታ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኛ ግን ከእነሱ የምንማረው አለ። የምንጀምረውም እነሱ ከሚወዱት አንድ የፈረንሳይ ታንክ ነው፤ የእኛ የመጀመሪያ ታንክ የዚያ ዘር ነውና።

*

ታንኩ ሬኖ ኤፍ ቲ ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት የእንግሊዝ ታንኮች ስምንት ሰው የሚጭኑ ተንቀሳቃሽ የብረት ሣጥኖች ነበሩ። ሞተሩም ሰውም መሣሪያውም አንድ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል። ፈረንሳዮቹ ነገሩን ለወጡት። ነጂውን ከፊት፣ ሞተሩን ከኋላ፣ መሣሪያውን ደግሞ ከላይ በሚዞር ቱሬት ውስጥ አደረጉት። ሁለት ሰው ብቻ ይበቃዋል። እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛው ታንክ የሚሠራው በዚህ አቀማመጥ ነው።

ኤፍ ቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋው በግንቦት 1910 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ከ3,000 በላይ ሠርታለች። ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ረጅም መንገድ ሲኖር ራሱ አይሄድም፣ በትልቅ ካሚዮን ተጭኖ ይወሰዳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ታንክ መንገድ ይፈልጋል፣ ተሸካሚ ይፈልጋል።

ጣልያን የፈረንሳዩን ንድፍ አይታ የራሷን ሠራች። ስሙ ፊያት 3000 ነው። ክብደቱ 5 ቶን ተኩል ገደማ፣ ሠራተኛው ሁለት ሰው፣ ቱሬቱ እንደ አባቱ የሚዞር ነው። አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው ታንክ ይኸው የፈረንሳይ ዘር ያለው የጣልያን ታንክ ነበር።

*

የመጣበት ዘመን ደግሞ የወዳጅነት ዘመን ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣልያን የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከውሉ ጋር ከአሰብ ወደ ደሴ የሚዘረጋ የመኪና መንገድ ስምምነት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ራስ ተፈሪን ለመጣል ያሰቡት ደጃዝማች አባ ውቃው ብሩ ከተከታዮቻቸው ጋር በግቢው፣ በአፄ ምኒልክ መቃብር ቤት መሸጉ። ራስ ተፈሪ ግቢውን በወታደር ከበቡ። ከጣልያን የተገኘው ታንክም ከመድፍ ጋር ቀረበ። አባ ውቃው በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። ተፈሪም መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ታንካችን ሥራ ይህ ነበር። ግቢ ውስጥ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ነዳጅና መካኒክ ቅርብ በሆነበት ቦታ። እዚያ አስፈሪ ነበር። ያው ታንክ ግን አዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ይፋት ይውረድ ቢባል ሌላ ታሪክ ይሆናል። ጦርነቱ ሲመጣ የነበሩን ታንኮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከቁጥራቸው በላይ የጎደለው ግን መለዋወጫው፣ መካኒኩ፣ የነዳጅ መኪናውና መንገዱ ነበር።

*

አሁን ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ተማሪ ይህን ታንክ ልሥራ ቢል እንዴት ይሠራዋል? በሣጥን ታሽጎ የሚሸጠውን የውጭ ሞዴል አያገኝም፤ ቢያገኝም ዋጋው አይቀመስም። አያስፈልገውም። የካርቶን ወረቀት፣ ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ ኮላና ያረጀ ካላማዳሪያ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ይለካል። የፊያት 3000 ርዝመት ከነጅራቱ ወደ 4 ሜትር ከ20 ነው። በ35 ሲካፈል 12 ሳንቲሜትር። ቁመቱ ከ6 ሳንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። ወርዱ 5 አይሞላም። ሰውም በዚሁ ልክ ይሠራ፤ ቁመቱ 5 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሁለቱን ሰዎች ውስጡ ለማስገባት ሲሞክር ተማሪው ያለ አስተማሪ አንድ ነገር ይገባዋል። ይህ «የብረት ምሽግ» ያልነው ነገር ሁለት ሰው ከሚጮህ ሞተር ጋር ታጭቆ የሚቀቀልበት ጠባብ ሣጥን ነው። የይፋትን የግንቦት ፀሐይ የሚያውቅ ልጅ ይህን በቀላሉ ይረዳል።

ቀጥሎ የብረቱ ውፍረት ይመጣል። ወፍራም የሚባለው ቦታ 16 ሚሊ ሜትር ነው። በሞዴሉ ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ካርቶኑ ራሱ ይወፍርበታል፤ ከደብተር ሽፋን የማይርቅ ወረቀት መፈለግ አለበት። ሪቬቶቹን በመርፌ ጫፍ ኮላ እያንጠባጠበ ይሠራል። ካላማዳሪያውን በቀጭኑ ቆርጦ ሰንሰለት ያደርጋል። ቱሬቱ በሚዞር እንጨት ላይ ይቀመጣል።

ቱሬቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ1928 የወረረን ጦር በብዛት ይዞት የመጣው ትንሽ ታንክ ሲ ቪ 33 የሚባለው ነበር። ክብደቱ 3 ቶን ከምናምን፣ ሠራተኛው ሁለት። ቱሬት ግን የለውም። መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ወደ ጎን ለመተኮስ ታንኩ ራሱ መዞር አለበት። ከኋላው ለመጣ ሰው ዕውር ነው። ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ ልዩነቱን በአንድ እይታ ያየዋል።

ይህ ልዩነት የደም ዋጋ ነበረው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ሽሬ ውስጥ ደምበጉና በሚባለው በር የራስ እምሩ ጦር የጣልያንን ታንኮች ገጠመ። መሬቱ ጠባብና ድንጋያማ ነበር። ታንኮቹ እንደ ልብ መዞር አልቻሉም። ተዋጊዎቹ ከኋላና ከጎን ደርሰው ላያቸው ላይ ወጡ፤ ጥቅም አልባ አደረጓቸው። ጀግንነት ነው፣ አዎ። ግን የታንኩን ዕውር ጎን የተጠቀመ፣ ቦታ የመረጠ ጀግንነት ነው። «በጎራዴ ታንክ ማረክን» ብለን ብቻ ስንተርከው የተዋጊዎቹን ድፍረት እናወራለን፣ ብልሃታቸውን ግን እንቀብረዋለን።

*

አሁን ወደ ይፋት እንምጣ።

ከማይጨው በኋላ ደሴ በሚያዝያ መጀመሪያ ተያዘች። ሚያዝያ 18 ቀን ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ፣ ከ12,000 በላይ ሰው፣ ታንክና መድፍ ይዞ። የኤርትራ አስካሪዎች ደግሞ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ጣልያኖች ጉዞውን «የብረት ፈቃድ ጉዞ» የሚል ስም ሰጡት።

የመጡበት መንገድ የእኛው መንገድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ወደ ደሴ ግንባር የሄዱበት፣ በሕዝብ ጉልበት የተጠረገ መንገድ። ከኮምቦልቻ ወርዶ፣ በካራ ቆሬ አድርጎ፣ የይፋትን ቆላ ሰንጥቆ፣ በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ጣርማ በር ይወጣል።

ሒሳቡን እንሥራ። ከደሴ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሲ ቪ 33 በጥሩ መንገድ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ጦሩ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው፤ በአሥረኛው ቀን። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ታንኩ በአንድ ሰዓት የሚሄደውን ጦሩ በአንድ ቀን ሄደው።

የብረት ፈቃዱን ምን አዘገየው? ዝናብ፣ ጭቃ፣ ወንዝና ዳገት። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ሰው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ከስዊድናዊው አስተማሪያቸው ከካፒቴን ታም ጋር በሩን ለመያዝ ወጥተው ነበር። መንገዱም በፈንጂ ተቆርጦ ነበር። ያን ሁሉ መኪና ይዞ የመጣው ጦር መንገዱ እስኪጠገን ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያም አልፎ ጫጫ ላይ ኃይለ ማርያም ማሞ መታው። የሸዋ አርበኝነት የተጀመረው አዲስ አበባ ከመያዟ በፊት፣ በዚያው መንገድ ዳር ነው።

አሁን ተማሪያችን ታንኩን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም በዚያው ልክ ይሥራ እንበል። ታንኩ 12 ሳንቲሜትር ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው ከፍታ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በ35 ሲካፈል ከ50 ሜትር በላይ ይሆናል። እንደ አንድ ረጅም ሕንፃ። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ 11 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይረዝማል። በጫማ ሣጥን የምትገባ ታንክ ከሕንፃ ከፍታ ጋር ስትታይ እውነተኛ መጠኗን ታገኛለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በትረካችን ውስጥ ታንኩ ሁልጊዜ ግዙፍ፣ ዳገቱ ግን የለም። በእውነቱ ግዙፉ ዳገቱ ነበር። ጠላት ዳገቱን ያለፈው በታንክ አይደለም፤ በካሚዮን፣ በአካፋ፣ በነዳጅ በርሜልና መንገድ ጠጋኝ ሠራተኛ ነው። በእርግጥ በማይጨውና ከዚያ በፊት በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን የተመታው ጦራችን እንደገና ተሰባስቦ በሮቹን ሁሉ የሚይዝበት አቅም አልነበረውም። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አንድ የተቆረጠ መንገድ ያን ያህል ካዘገየ፣ ያጣነው ጀግና ሳይሆን ቀደም ብሎ የተሠራ ዝግጅት ነበር ማለት ነው። ጣልያን ራሷ ይህን ተረድታለች። አገሩን እንደያዘች ትልቅ ገንዘብ ያፈሰሰችው በመንገድ ላይ ነው። ጣርማ በርን ሸንቁራ ዋሻ አወጣች፤ እስከ ዛሬ እናልፍበታለን።

*

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «የሸዋ ሮቢት ልጅ ታንክ በሞዴል ምን ያደርግለታል? በዓይኑ አላየም?» የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሷል። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ለዚያ አካባቢ ልጅ ታሪክ አይደለም፤ ትዝታ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የጦር መሣሪያን አሻንጉሊት ማድረግ ደስ የሚል ሐሳብ አይደለም።

መልሴ ግን ይህ ነው፦ ልጁ ታንክን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን በፍርሃት ወይም በፉከራ ነው። በፍርሃት ያወቀው «ይህን የሚያሸንፍ የለም» ይላል። በፉከራ ያወቀው «ይህን የያዘ ያሸንፋል» ይላል። ለክቶ የሠራው ግን ሦስተኛ ነገር ያውቃል። ውስጡ ሁለት ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች እንዳሉ፣ ብረቱ የትኛው ጋ እንደሚሳሳ፣ ነዳጁ ሲያልቅ ቆሞ የሚቀር ዕቃ እንደሆነ። እንዲህ ያወቀ ሰው ለጦርነት ቶሎ አያጨበጭብም።

ስለዚህ የታሪክ ክበብ ያላችሁ መምህራን፣ በተለይ ከኮምቦልቻ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው መንገድ ዳር ያላችሁ፣ አንድ ሐሳብ ልተውላችሁ። ታንኩን በ35 አሳንሱት። መሬቱን ደግሞ ግቢያችሁ በሚችለው ልክ በጭቃና በድንጋይ ሥሩት፤ ቆላውን፣ ሮቢን ወንዝ፣ ደብረ ሲናን፣ ጣርማ በርን። የተቆረጠውን መንገድ አመልክቱ። የጠጋኞቹን አካፋ አትርሱ። ከዚያ ልጆቹን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይህን ዳገት ማን ወጣው፣ በምን ወጣው?» አረጋውያንንም ጥሩና ይዩት፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የእያንዳንዱን ጠመዝማዛ ታሪክ ይነግሯችኋል።

መልሱ ከፉከራም ከለቅሶም የተሻለ ይሆናል።

ቸር ያሰማን።