ቀላል ነበረ ስለምንለው ዘመን

ዕድሜው የገፋ ሰው ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው «ያን ጊዜማ!» የሚለው ቃል ነው። እኔም ከዚህ ልማድ ነጻ አይደለሁም። ከጥቂት ጊዜ በፊት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ጥያቄ ይዛ መጣችና፥ «አባባ፥ እናንተ ልጆች ሳላችሁ ኑሮ እንዴት ነበረ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቀላል ነበረ» አልኳት። እርስዋም ይህንኑ ጽፋ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆችን «እውነቱን ጻፉ» እያለ የኖረ መምህር ለገዛ የልጅ ልጁ ግማሽ እውነት ማስጻፉ አሳፈረኝ።

የተወለድሁት በ1950 ዓ. ም. በአምቦና በጉደር መካከል ባለች መንደር ነው። አምቦ በዚያን ጊዜ በመንግሥት ወረቀት ላይ «ሀገረ ሕይወት» ይባል ነበር፤ የገበያው ሰው ግን አምቦ ማለቱን አልተወም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በከተማው መካከል ስለሚያልፍ፥ የአውቶቡስ አቧራ ከሩቅ ባየን ቁጥር መንገድ ዳር ድረስ እንሮጥ ነበር። ከመሬት እየፈላ የሚወጣው የአምቦ ውሃ በጠርሙስ ተሞልቶ መሸጥ ከጀመረ ከ1922 ዓ. ም. ወዲህ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። እኛ ግን በጠርሙስ አናውቀውም፤ በእፍኛችን ጠልቀን እንጠጣውና አፍንጫችንን ሲቆነጥጠን እርስ በርሳችን እየተያየን እንስቅ ነበር። ኳሳችን የጨርቅ ነበረች። ለገና የገና ዱላችንን ራሳችን ከጫካ ቆርጠን በእሳት እናጎብጥ ነበር። ከከብት ጠባቂነት ስንመለስ እናቴ የምታቀምሰን የገብስ ጭኮ፥ ቅቤው ከጣቴ ላይ ሲንጠባጠብ፥ ዛሬም ይታየኛል። እንግዲህ ለልጅ ልጄ ቀላል ነበረ ያልሁት ይህን አስታውሼ ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም።

ትምህርት የጀመርሁት በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። አባቴ አንድ ወይፈን ሸጦ ልብስና ደብተር ገዛልኝ። ምሳዬ በኪሴ የያዝሁት ቆሎ፥ የማታ መብራቴም ኩራዝ ነበር። አንድ ጊዜ መምህራችን አዲስ ዓለምን ሊያሳዩን ወሰዱንና የማርያምን ቤተ ክርስቲያን እያሳዩን፥ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው እንደ ነበረ፥ ቤተ መንግሥት ሊሆን የታሰበውም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ አስረዱን። አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው አሉን። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ የአምቦ ሰው ለአቤቱታ ሲሄድ ግማሹ መንገድ በቀረለት ነበር።

ነገር ግን ቀላልነቱ ለልጅ እንጂ ለአባቴ አልነበረም። አባቴ ጪሰኛ ነበር። ከአውድማው ላይ የባለመሬቱ ድርሻ ሳይነሣ አንዲት ቁና ወደ ቤት አትገባም፤ ለበዓል ሙክትና ማር፥ በሥራ ወራትም ጉልበት ይጠየቅ ነበር። እኔ ጭኮውን ስበላ እናቴ አብራን ያልበላችው ጠግባ ይመስለኝ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ነው ብሎ ጪሰኝነትን ባስቀረ ጊዜ አባቴ ምንም አልተናገረም፤ ከእርሻው ዳር ተቀምጦ አፈሩን በእጁ ሲያፍስና ሲመልስ አየሁት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ችግር ሌላ ነገር ነው።

ታናሽ እህቴን ደግሞ ኩፍኝ ወሰዳት። ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ፈንጣጣን ለማጥፋት የተነሣው ዘመቻ በ1963 ዓ. ም. ጀምሮ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ከአገራችን ጠፍቷል፤ የኩፍኝ ክትባት ግን ለሕፃናት በሰፊው መሰጠት የጀመረው ከ1972 ዓ. ም. ወዲህ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ የእህቴን ዕድሜ ትቆጥር ነበር።

የቀረው እኔን ራሴን የሚመለከት ነው። በትምህርት ቤታችን ግቢ በኦሮምኛ መናገር ክልክል ነበር። በ1936 ዓ. ም. የወጣው የሚስዮኖች ደንብ ትምህርቱ በአማርኛ እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር፤ የእኛ አለቆች ግን ከክፍል አልፈው በጨዋታ ሜዳም እንዲሠራ አደረጉት። በኦሮምኛ ሲናገር የተሰማ ልጅ በገመድ የታሰረች የእንጨት ምልክት በአንገቱ ትንጠለጠላለች፤ እርሱም ሌላ ተናጋሪ አድኖ ያስተላልፋል፤ ማታ በአንገቱ የተገኘችበት ይገረፋል። ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ቋንቋ ሌላ አልነበረምና፥ በመጀመሪያው ዓመት ያቺ እንጨት ከአንገቴ የወረደችበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚህም የከፋው፥ ከእርስዋ ለማምለጥ የገዛ ጓደኛዬን በኦሮምኛ ጠርቼ ሳይታወቀው ሲመልስልኝ ማስያዜ ነው።

ይህን የቀመሰ ሰው መምህር ሲሆን እንጨቷን ያቃጥላል ብሎ አንባቢ ያስብ ይሆናል። እኔ ግን በ1971 ዓ. ም. በሸዋ ገጠር ማስተማር ስጀምር ምልክቷን ራሴ ጠርቤ ሠራኋት። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት ማለት እርሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ዓመት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ ከተመረጡትም ቋንቋዎች አንዱ ኦሮምኛ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ዘመቻው ወደ እኛ ገጠር ሲዘልቅ እኔም አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። እንግዲህ ቀን ቀን ልጆቹን በኦሮምኛ ተናገራችሁ ብዬ እቀጣለሁ፤ ማታ ማታ እናቶቻቸውን በዚያው ክፍል አስቀምጬ በኦሮምኛ አስነብባለሁ። ሁለቱ ነገር እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ለመረዳት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። እንጨቷን የተውኋትም በጸጸት አልነበረም፤ ጠፍታብኝ ሌላ ለመጥረብ ስለ ሰነፍሁ ነው።

በማግሥቱ የልጅ ልጄን ጠርቼ ይህን ሁሉ ነገርኳት። የቤት ሥራዋ በኦሮምኛ፥ ከ1984 ዓ. ም. ወዲህ በትምህርት ቤት በገባው በቁቤ የሚጻፍ ነው። እኔ ቁቤን ዛሬም ፊደል በፊደል እየለቀምሁ ነው የማነበው። «ቀላል» የሚለውን ቃል በላጲስ አጠፋችና እርሳስዋን ይዛ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም፥ «አባባ፥ ማታ የምትማረው እናት ቀን ልጅዋን እንደ ገረፍከው ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ታውቅ ነበር። ማታ ማታ ግን ኩራዝዋን ይዛ ትመጣ ነበር።