ሁለት ግብር የከፈለ ገበያ

መተማ ዮሐንስን ከጋላባት የምትለየውን ጅረት ስንቶቻችን ተሻግረናታል! «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን በእኛ አልተጀመረም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገበያውን ያስተዳድሩ የነበሩት የተክሩር ሼኮች ለግብጽም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር። ሁለት ጊዜ መክፈል ያማል፤ ኬላ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን አያጣውም። ነገር ግን ከጎንደር በኩል ቡናና ሰም ጭኖ የወረደው ሲራራ ነጋዴ ሸጦ በሰላም የሚመለሰው በዚያ ሒሳብ ነበር። ባሪያም ይሸጥበት እንደነበር ግን አንደብቅም።

ማህዲስቶች ግብጽን ሲያስወጡ ሒሳቡ ፈረሰ። በ1880 ጎንደር ተቃጠለች፤ በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ እዚያው መተማ ላይ ቆሰሉና ሞቱ። በጦርነቱ መሃል የቆመ ገበያ ማን ይጠብቀዋል?

በ1894 ምኒልክና እንግሊዝ ስለ ድንበሩ ተዋዋሉ፤ በማግስቱ ዓመት ሻለቃ ግዊን መሬት ላይ ምልክት አኖረ። የፋሽጋ ነገር ግን አልተቋጨም። በ2013 የሱዳን ጦር ገባበት፤ በሰኔ 2014 የጋላባት በር ተዘግቶ በሐምሌ ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ሱዳናውያን ወደ እኛ ተሰደዱ።

ዛሬ ለሁለቱም ወገን ገብሮ የሚያሳልፈን ሼክ የለም። ስለዚህ ጋላባት ያለውን ሸሪክ ሳንደውልለት አንነሳም፤ ገንዘቡን በአንድ ሰው ኪስ አናደርግም፤ ከመሸም እዚያው እናድራለን።