«ሉሲል»፦ የቢ ቢ ኪንግ ጊታር
የኤሌክትሪክ ጊታር፤ ጊብሰን፣ አሜሪካ። ሜፕልና ዞጲ።

ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪንግ ስም የተሠራው ይህ ሞዴል የድምፅ ቀዳዳ የለውም። ብሉዘኛው ቀድሞ በሚጫወትባቸው ጊታሮች ቀዳዳ ውስጥ ጨርቅ ይወትፍ ነበር፤ ድምፁ ሲጨምር እንዳያፏጭበት። ፋብሪካው ጭራሽ ደፈነለት።

ስሙ ግን ከ1949 የመጣ ነው። ትዊስት፣ አርካንሳስ ባለ ጭፈራ ቤት ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ፣ ለማሞቂያ ነጭ ጋዝ የሚነድበትን በርሜል ገለበጡት። ኪንግ ካመለጠ በኋላ ለጊታሩ ሲል ወደ እሳቱ ተመልሶ ገባ! የጠቡ መነሻ ሉሲል የምትባል ሴት መሆኗን ሲሰማ ጊታሮቹን ሁሉ በእሷ ስም ጠራ፤ ያን ሞኝነት እንዳይደግም።

በ1956 ብቻ 342 ምሽት ተጫውቷል። በ2014፣ በ89 ዓመቱም ወንበር ላይ ተቀምጦ መድረክ ላይ ነበር።