ገመድን የመያዝና የመልቀቅ ጥበብ፦ ከሸራ ጀልባ እስከ ካይት

በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሁለት ታላላቅ ነፋሳት በየወቅቱ ይፈራረቃሉ። ከታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት የሚነፍሰውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ስዋሂሊዎች ካስካዚ ይሉታል፤ ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ የሚመጣው ደግሞ ኩሲ ይባላል። የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር የመጡት በካስካዚ፣ ወደየአገራቸው የተመለሱትም በኩሲ ነበር። ዛሬ በኬንያ ዲያኒ ወይም በዛንዚባር ፓጄ ቆሞ ባሕሩን የሚመለከት ሰው በእነዚሁ ነፋሳት የተወጠረ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ያያል። አንደኛው የዳው ጀልባ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰውን በሰሌዳ ላይ አቁሞ በማዕበል ላይ የሚጎትተው፣ ካይት የሚባለው የጨርቅ ክንፍ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው የዘመን ርቀት ሰፊ ቢሆንም የሚያሳስባቸው ጉዳይ አንድ ነው። ነፋሱን የሚያዝዙት በገመድ ነው፤ ገመዱም ሰው ከሚችለው በላይ ይጎትታል። ስለዚህ የሁለቱም ባለሙያዎች ገመዱን የሚይዝላቸው ነገር ያስፈልጋቸዋል። የጋማ ከብት የሚያስር ሰው ገና ሲቋጥር መፍቻውን ጭምር እንደሚያስብ ሁሉ፣ ባሕረኛም ገመዱ በጭንቅ ሰዓት እንዴት እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይለዋል።

ጥንታዊው የገመድ መያዣ ከእንጨት የተቀረጸ፣ እንደ በሬ ሁለት ቀንዶች ያሉት ቀላል ነገር ነበር። ገመዱ በቀንዶቹ ዙሪያ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይጠመጠማል። ምሥጢሩ ያለው ከቋጠሮው ላይ ሳይሆን ከሰበቃው ላይ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር ይህንን በስሌት አሳይቷል፤ ገመድ በአንድ ግንድ ላይ በተጠመጠመ ቁጥር የመያዝ ኃይሉ በመደመር ሳይሆን በመባዛት ያድጋል። የሰበቃው መጠን አንድ አራተኛ ቢሆን፣ አንድ ሙሉ ዙር የያዡን ኃይል አምስት እጥፍ ገደማ ያደርገዋል፤ ሦስት ዙር ደግሞ ከመቶ እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። አንድ መርከበኛ ታላቁን ሸራ በአንድ እጁ ሊገታ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የጥምጥሙ ሌላው ጥቅም ገመዱ እንደተወጠረ ዙር በዙር መፈታት መቻሉ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን የስፖርት ጀልባዎች ሲስፋፉ ፈጣን መያዣዎች መጡ። አንደኛው ዓይነት ሁለት ጥርሳም መንኮራኩሮች በሞላ ተገፍተው ገመዱን ከግራና ከቀኝ የሚነክሱበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ምንም ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ባለ ጥርስ ቦይ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ገመዱ በበረታ መጠን ይበልጥ ይነክሱታል። ሆኖም ይኸው ብርታታቸው ስጋት ይዞ መጣ፤ ብርቱ ነፋስ በድንገት ሲመታ የተነከሰ ገመድ በጊዜ ካልተለቀቀ ትንሿን ጀልባ ሊገለብጣት ይችላል። ስለዚህም በትንሽ ጀልባ ላይ የዋናውን ሸራ ገመድ እንዲሁ አስሮ አለመተው የቆየ የባሕረኞች ደንብ ነው።

ካይት ወደ ጉልበት ሥራ የገባው ቀደም ባለ ዘመን ነው። የብሪስቶሉ መምህር ጆርጅ ፖኮክ በካይት የሚጎተት ሠረገላ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1826 የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ካይቱንም የሚመራው በአራት ገመዶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ትውልደ አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮዲ በካይት በተጎተተች ጀልባ ከፈረንሳይ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ በአየር የሚነፋና ውኃ ላይ ቢወድቅም ተመልሶ ሊነሣ የሚችል ካይት አስመዘገቡ። በአሜሪካ ደግሞ ቢልና ኮሪ ሮስለር የተባሉ አባትና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በውኃ ላይ መንሸራተቻ የሚጎትት ካይት ለገበያ አቀረቡ፤ በእጅ የሚያዘው ዘንግ ገመዱን የሚጠቀልል መዘውርና የሚገታ ፍሬን ነበረው።

ይህን ስፖርት ካስቻሉት ነገሮች አንዱ አዲስ ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በኔዘርላንድ ከፖሊኢትሊን የተገኘውና በኋላ ዳይኒማ የተባለው ክር፣ በእኩል ክብደት ሲነጻጸር ከብረት ሽቦ ይበልጥ ይጠነክራል። ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ የካይት ገመድ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማል። ነገር ግን ክሩ ሁለት ድክመቶች አሉት። በጣም የሚያዳልጥ በመሆኑ የተለመደው ቋጠሮ ይሾልክበታል፤ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማም ስለሚቀልጥ የሰበቃ ሙቀት ይጎዳዋል። ስለዚህ በጥርሳሙ መያዣ ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ፣ ላዩም በሌላ ክር የተሸፈነ ሆኖ ይሠራል።

የካይት አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የኋላ ገመዶች በዘንጉ ጫፎች ላይ ታስረው እንደ ዛብ አቅጣጫ ይመራሉ። አብዛኛውን ጭነት የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ገመዶች ግን ወደ አንድ ተገጣጥመው በዘንጉ መካከል ያልፉና በቀለበት አማካይነት ከተጫዋቹ መታጠቂያ ጋር ይያያዛሉ። ዘንጉን ወደ ራስ መሳብ ጉልበቱን ይጨምራል፤ መግፋት ይቀንሰዋል። ከዘንጉ በላይ ያለው ጥርሳም መያዣ የፊቱን ገመድ በማሳጠር የካይቱን ጉልበት ለነፋሱ ልክ ያስተካክላል፤ ማገቻ የሚባለው ትንሽ እንቡጥ ደግሞ ዘንጉ ከእጅ ርቆ እንዳይሄድ ያግደዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉድለቱ የታየው በዚሁ መታጠቂያ ላይ ነበር። የያኔዎቹ ካይቶች ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ቢገፋም ጉልበታቸውን አያጡም ነበር። ድንገተኛ ነፋስ ሲመታ ከቀለበቱ መላቀቅ ያልቻለ ሰው ወደ ሰማይ ይነሣል፤ አለዚያም ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ግንብ ይጎተታል። በዚህ ሁኔታ ሕይወታቸውን ካጡት መካከል ጀማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የታወቁ ተወዳዳሪዎችም ነበሩ። የያዛቸው ነገር እጅግ ጠንካራ ነበር፤ የጎደለው መልቀቂያው ነው።

የተከተሉት ዓመታት መፍትሔ ይህን ጉድለት የሚሞላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዘንጉ ሲገፋ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል የሚያጣው ቀስት መሰል ካይት ለገበያ ቀረበ። መልቀቂያውም ተሻሻለ፤ ተጫዋቹ አንድ እጀታ ወደ ፊት ሲገፋ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ካይቱም በአንድ የደኅንነት ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ እንደ ባንዲራ እየተርገበገበ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ይህንኑ መልቀቂያ ብቻ የሚመለከት፣ ቁጥር 21853 የተሰጠው መመዘኛ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የካይት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በማርሴይ ሲካሄድ፣ ከሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት በሠረገላ የተሞከረው ነገር ከታላላቆቹ ስፖርቶች ተርታ ገባ።

የገመድ መያዣ ታሪክ እንግዲህ ከመያዝ ይልቅ ስለ መልቀቅ የሚያስተምረው ይበዛል። ነፋስን በግድ ይዞ የኖረ የለም፤ የዳው መርከበኛ የሸራውን ገመድ በእጁ አድርጎ የሚቀመጠውም ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው። በጠረፉ ላይ ባሉ የካይት ማሠልጠኛዎችም ጀማሪው ገና ባሕር ሳይገባ፣ ካይቱ ገና አሸዋ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ መልቀቂያውን ዐይኑን ሳይጥልበት በእጁ ብቻ ዳስሶ እንዲከፍት ይለማመዳል። መብረር የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው።