ሰልፈኛ ያተረፈው ቤተ መቅደስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ያፈረሰው የለንደን መሀል ከተማ እንደገና ሲገነባ፣ አርኪዮሎጂስቶች ከሥራ ተቋራጮች ጋር እየተሽቀዳደሙ ይቆፍሩ ነበር። በ1954 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊሊያም ግራይምስ በዋልብሩክ ሰፈር ይፈልጉ የነበረው ተቀብሮ የቀረውን የጥንት ጅረት መሄጃ ነበር። ያገኙት ግን አንድ ጫፉ በግማሽ ክብ የዞረ፣ 18 ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ ቤት ነው። የማን እንደሆነ የለየለት ቁፋሮው ሊያበቃ ሲል፣ ሴፕቴምበር 18፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። ከጭቃው የእብነ በረድ ራስ ወጣ፤ ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈ ቆብ የደፋ መልከ መልካም ወጣት። ሚትራስ ነበር፤ የሮማ ወታደሮችና ነጋዴዎች፣ ያውም ወንዶች ብቻ፣ በጨለማ ቤት በመብራት ተሰብስበው የሚያመልኩት አምላክ። መቅደሱ የተሠራው በ240 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ፎቶው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ 400,000 ያህል ሰው ተሰልፎ ፍርስራሹን አየ፤ ጉዳዩም እስከ ቸርችል ካቢኔ ደረሰ። ለእኔ፣ ድንጋዩን ከቡልዶዘር ያዳነው ከምሁራኑ ይልቅ ያ ሰልፍ ነው።

ዳነ ከተባለ ነው እንጂ! በ1962 ከቦታው 100 ሜትር ያህል ርቆ፣ ደጅ ላይ፣ በሲሚንቶ ተገጣጥሞ ተተከለ። ዝቅ ብሎ በጨለማ የተሠራ ቤት ከፍ ብሎ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። ግራይምስ ራሳቸው አልወደዱትም። ስህተቱ የታረመው ብሉምበርግ ኩባንያ ቦታውን ከገዛ በኋላ ነው፤ በ2017 መቅደሱ ወደ ጥንት ስፍራው አጠገብ ተመልሶ፣ ከመንገዱ 7 ሜትር ግድም ዝቅ ብሎ ለሕዝብ ተከፈተ።

ከዚያ በፊት በተደረገው ቁፋሮ የወጣው ግን ከመቅደሱም ይበልጥብኛል። እርጥቡ ጭቃ አየር ስለማያስገባ እንጨትና ቆዳ ሳይበሰብስ ቆይቷል። ከተገኙት መካከል 405 የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ። ሮማውያን ሰሌዳውን ሰም ቀብተው በሹል ብረት ይጽፉበት ነበር፤ ሰሙ ጠፍቶ ብረቱ እንጨቱን የጫረው ቀርቷል። ባለሙያዎች መብራቱን ከየጎኑ እያበሩ ፎቶ አንሥተው ያነቡታል። አንዱ ጃንዋሪ 8 ቀን 57 ዓ.ም. የተጻፈ ነው፤ ለንደን ከተቆረቆረች ገና አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ቲቡሉስ የተባለ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው፣ እንደ እርሱው ነፃ ከወጣው ከግራቱስ ለተረከበው ሸቀጥ 105 ዲናር ዕዳ እንዳለበትና ለእርሱ ወይም ለሚመለከተው ሰው እንደሚከፍል በጽሑፍ አረጋግጧል።